የመጋረጃ ሰፊዋ እንቅልፍ

አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ልብስ ሰፊ ሲሏት ትቆጣለች። ልብስ ሰውነት ላይ ተጠግቶ ጉድለቱን ይደብቃል፤ መጋረጃ ግን ከላይ እስከ ታች ተዘርግቶ ብርሃን ስለሚያርፍበት አንዲት የጠመመች ስፌት እንኳ አትሰወርም ትላለች። ሰው ቤት ገብታ መስኮት ስትለካ ከመስኮቱ በፊት የምታየው ሰዎቹን ነው። ማን ማልዶ እንደሚነሳ፣ ማን ፀሐይ እንደማይወድ፣ ከፊት ለፊት ጎረቤት ጋር ማን እንደተኳረፈ በጨዋታ መሃል ታወጣጣና ጨርቁን እንደዚያው ትመርጣለች።

ለትምህርት ወደ ከተማ ስመጣ ያረፍኩት እሷ ጋ ነበር። ሳሎኑን የስፌት መኪናውና የመቁረጫው ጠረጴዛ ወርሰውታል፤ እንግዳ የሚቀመጠው ጥቅል ጨርቅ ላይ ነው። የእሷን ክፍል ከእኔ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ጎረቤት ቤት እንጨት የሚሰነጥቁ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ይህንኑ ስነግራት ፊቷ ዳመነ። ማታ ከትምህርት ስመለስ ትራሴ ላይ አንድ እሽግ ጥጥ ተቀምጦ አገኘሁ። ለጆሮዬ መሆኑ ነው። ስለ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላነሳንም።

ታሪኩን ኋላ ላይ ነው በቁርጥራጭ የሰማሁት። አክስቴ በወጣትነቷ ባል ነበራት። በዚያ ቤት እሷ ታንኮራፋለች፣ እሱ ያኮርፋል። መጀመሪያ ትራሱን ይዞ ሳሎን ወጣ፤ ቀጥሎ ወንድሙ ጋ ማደር ጀመረ፤ በመጨረሻ ልብሱን ጠቅልሎ ሄደ። መሄዱ አይደለም እሷን የጎዳት። ከመሄዱ በፊት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ እኔ ሚስት ሳይሆን የእህል ወፍጮ ነው ያገባሁት እያለ ያወራ ነበር። ሰው ይስቃል። እሷም ለእንግዶቹ ውሃ እየቀዳች አብራ ትስቃለች። ያ አብሮ መሳቋ ነበር ለዓመታት ያንገበገባት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፏን የሚሰማ ሰው እንዳይኖር አድርጋ ኖረች። ዘመድ ጋ ብትሄድ ምክንያት ፈልጋ ለማደሪያ ቤቷ ትመለሳለች። ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ከሆነ ሎሚ እየላሰች፣ ክንዷን እየቆነጠጠች ትጓዛለች። እኔን ቤቷ ያስገባችኝ እናቴ አጥብቃ ስለለመነቻት ብቻ ነው።

ቀን ቀን ደግሞ እንቅልፍ ይጥላታል። የተኛች ሰው አትመስልም፤ ጠዋት ራሷን እያሻሸች ነው የምትነሳው። ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣ አንገቷ ቀስ እያለ ሲወርድ አያለሁ። አንድ ጊዜ መርፌው የጣቷን ጥፍር በስቶት አለፈ። አንዴ በዝናቡ ታሳብባለች፣ አንዴ በዕድሜዋ፣ አንዴ ደግሞ በጨርቁ ሽታ።

ጋሼ ውሃ ልክ የመጋረጃ ዘንግ የሚሰቅልላት አናጢ ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ግድግዳ ይሰረስራል፤ ብዙ ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። ቅጽል ስሙ የወጣለት መጣመምን የምትለካው ውሃ ልክ ከደረት ኪሱ ስለማትለይ ነው፤ ሰው ቤት የተሰቀለ ፎቶ ዘንበል ብሎ ካየ ሳያስተካክል አይወጣም። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። እኔ መጀመሪያ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ አባት ስለሆነልኝ አንተ ብዬ ነው የማወራው። እሱና አክስቴ ግን ያን ሁሉ ዘመን ተከባብረው አንቱ ሲባባሉ ነው የኖሩት።

አንድ ቀን ገና ሰው ያልገባበት አዲስ ቤት ውስጥ እየሠሩ ነበር። እሱ መሰላል ላይ ወጥቷል፣ እሷ የመሰላሉን እግር ይዛለታለች። መሰርሰሪያውን አጠፋና ወደ ታች ሳያይ እንዲህ አላት፦

"እኔና እርስዎ በሰው ቤት ስንት መስኮት አለበስን። አንድ የራሳችን ቢኖረን ምን ይመስልዎታል?"

አክስቴ መሰላሉን አጥብቃ ያዘች። ከዚያ፣ አይሆንም አለችው። እሱ እሺ አለ። መሰርሰሪያውን መልሶ አስነሳና ቀዳዳውን ጨረሰ። በማግስቱም እንደወትሮው በሰላምታ መጥቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ቅር ያለው መሆኑን ያወቀችው ምሳውን ሳይጨርስ ሲነሳ ስላየችው ብቻ ነው።

ማታ ነገረችኝ። ትጠዪዋለሽ ወይ አልኳት። ምን ብዬ እጠላዋለሁ፣ አለች ጨርቁ ላይ እንዳቀረቀረች። ታዲያ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት መቀሱን አስቀምጣ በአገጯ ክፍሎቻችንን ወደሚለየው ግድግዳ አመለከተችኝ።

"እሱን ጠይቂው" አለችኝ።

ነገሩ በዚህ ይቀር ነበር፣ መንጋጋ ጥርሷ ባያማት ኖሮ። ለሳምንት ያህል ጉንጯን በጨርቅ አስራ ስትሰቃይ አይቼ ጎትቼ የጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ማደንዘዣ ወጋቻትና እስኪይዛት ድረስ አረፍ ብላ እንድትጠብቅ ነገረቻት። ወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ ክፍሉ ይሞቃል። አክስቴ ሳታስበው እንቅልፍ ወሰዳት።

በር አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ማንኮራፋቷ ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም፤ ዝም እንድንል እጇን አነሳችና የአክስቴን ደረት ትመለከት ጀመር። ድምፁ ድንገት ተቋረጠ። ደረቷ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በግድግዳ በኩል ድምፁን እንጂ መቋረጡን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው በአንድ ጊዜ ስባ ተነፈሰች። ትንሽ ቆይቶ ያው ነገር ተደገመ። ሦስተኛው ላይ በርግጋ ነቃች፤ ዓይናችን ሁሉ እሷ ላይ መሆኑን አየች። ፊቷን በሻርፗ ሸፍና፣ በደነዘዘ አፏ ይቅርታ እያለች ከወንበሩ ልትወርድ ታገለች።

ሐኪሟ አነስተኛ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ጠዋት ራስዎን ያምዎታል ወይ፣ አፍዎ ደርቆ ነው ወይ የሚነሱት፣ ቀን እንቅልፍ ያስቸግርዎታል ወይ እያለች በቀስታ ጠየቀቻት። አክስቴ መጀመሪያ ራሷን በመነቅነቅ ብቻ መለሰች፤ እየቆየች ግን ስለ አውቶቡሱም፣ ስለ መርፌውም፣ ስለ ሁሉም አወራች። ሐኪሟ በዓይን አይቶ እንዲህ ነው ማለት እንደማይቻል፣ ማንኮራፋት ሁሉ በሽታ እንዳልሆነ፣ የእሷ ትንፋሽ ግን የሚቆም ስለሚመስል መመርመር እንዳለበት ነገረቻትና ወደ እንቅልፍ ሐኪም ላከቻት። ጥርሷንም ሞላችላት።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ መንገድ ላይ ቆም አለች።

"ስቀውብኝ ያውቃሉ" አለችኝ። "ጠይቀውኝ ግን አያውቁም።"

ለምርመራው ትንሽ መሣሪያ ሰጧት። ደረቷ ላይ በመቀነት ይታሰራል፣ አንዱ ጫፍ ጣቷ ላይ ይነከሳል፣ ቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ሥር ይውላል። እሱን ለብሳ ቤቷ አድራ መለሰችው። ውጤቱን የነገራት ሐኪም ሸምገል ያለ ሰው ነበር። እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ መተላለፊያውን ያጠበዋል አላት። ሲጠብ ያንኮራፋል፣ ሲዘጋ ትንፋሽ ይቋረጣል። ያኔ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሳታል፤ እሷ ግን ጠዋት አታስታውሰውም። ሌሊቱን ሙሉ ስትቀሰቀስ ያደረች ሴት ቀን ብታንቀላፋ ምን ይገርማል? ነገሩ ዝም ቢባል ደግሞ የደም ግፊትና የልብ ጣጣ ያመጣል። የእሷ መካከለኛ ደረጃ ላይ ነው። አክስቴ ይህን ለእናቴ በስልክ ስታስረዳ በራሷ ቋንቋ ነበር። መስኮቱ ሲጠብ ነፋሱ መጋረጃውን ያራግበዋል፣ ጨርቁ መስኮቱ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ነፋሱም ይቀራል አለቻት።

በመጀመሪያ አየር የሚገፋ ማሽን ከነጭምብሉ ተሰጣት። ሐኪሙ ከሁሉ ይልቅ አስተማማኙ እሱ እንደሆነ፣ በሽታው ለጠናበት ሰው ደግሞ ሌላ ምርጫ እንደማይቀድመው ነግሯታል። እሷ ግን አልሆነላትም። ሰው ፊቷን በእጁ የያዘባት ይመስላታል፤ ጠዋት ጠዋት ጭምብሉን ከአልጋ ሥር ነበር የምናገኘው። ብዙ ሞክራ እያፈረች ተመለሰች። ሐኪሙ አልተቆጣትም። ደረጃው መካከለኛ ስለሆነ ጥርስና መንጋጋዋ ጤናማ ከሆኑ ሌላ መንገድ አለ አላት፤ ስትተኛ ጥርሷ ላይ የምታጠልቀው፣ የታችኛውን መንጋጋ ትንሽ ወደ ፊት ስቦ ይዞ የሚያድር ነገር። መንጋጋው ሲወጣ ምላስም አብሮ ይወጣል፣ ጉሮሮም ይከፈታል።

እንዲህ ሆኖ ወደዚያችው የጥርስ ሐኪም ተመለስን። ሐኪሟ ድዷን፣ የመንጋጋዋን መጋጠሚያ፣ የሞላችውንም ጥርስ ሳይቀር መረመረች። ከዚያ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ሮዝ ነገር በብረት ሳህን አድርጋ አስነከሰቻትና የጥርሷን ቅርጽ ወሰደች። አክስቴ አፏ ተሞልቶ ዓይኗ ይስቅ ነበር። ስንወጣ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስለካ ኖሬ ዛሬስ እኔም ተለካሁ አለች።

ዕቃው ደረሰ። እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ ለላይና ለታች ጥርስ ለየብቻ የተሠራ ሽፋን ነው፤ ሁለቱን ግራና ቀኝ ትንንሽ ዘንጎች ያያይዟቸዋል፣ ዘንጎቹ ላይ ደግሞ በቀጭን ቁልፍ የሚዞር ብሎን አለ። በአንድ ጊዜ ብዙ አይሳብም፤ መንጋጋዋ እስኪለምድ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ቀላል አልነበረም። ምራቋ ትራሱን ያርሰዋል፣ ጉንጯን ያማታል፣ ጠዋት ስታወጣው የላይና የታች ጥርሷ አልገጥም ብሎ እንደ ሕፃን ተኮላትፋ ነው ደህና አደርሽ የምትለኝ። ከአንዴም ሁለቴ ይቅርብኝ ብላለች። ሐኪሟ በቀጠሮ እየጠራች እዚህ ትሞርዳለች፣ እዚያ ታላላለች። ጠዋት ጠዋት ጥርሷን ወደ ቦታው የሚመልስ እንቅስቃሴም አሳየቻት። በሙቅ ውሃ እንዳታጥበው፣ ይጣመማል ብላም አስጠነቀቀቻት።

አንድ ጠዋት ስነሳ ሳሎን መብራት በርቶ አገኘሁ። አክስቴ ቀድማኝ ተነስታ የአንድ ሙሉ ቤት መጋረጃ ቆርጣ ጨርሳለች። መቀሱን ይዛ ግራ እንደተጋባ ሰው አየችኝ።

"ራሴን አላመመኝም" አለች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። በኋላ ዕቃውን አጥልቃ እንደገና ስትመረመር የትንፋሿ መቋረጥ ጥቂት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ለጋሼ ውሃ ልክ የነገረችው ራሷ ናት። አንድ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ እየሠሩ ለምሳ አረፍ ባሉበት፣ ከቦርሳዋ ዕቃው ቀን ቀን የሚቀመጥበትን ሰማያዊ ሣጥን አወጣችና ከፍታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ምንድነው ብሎ ጠየቃት።

"እንቅልፌ ነው" አለችው።

ሁሉንም ነገረችው፤ የወፍጮውን ቀልድ ጭምር። እሱ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ዕቃውን ግን አልነካውም። ጎንበስ ብሎ ዘንጎቹን አየና ልኩን የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው አለ። ከዚያ ቀና አለ።

"ለዚህ ነው እምቢ ያሉኝ?"

"ለዚህ ነው።"

እሱም ስለ ሚስቱ ነገራት። ሳንባዋን ታማ ረጅም ጊዜ ተኝታ ነበር። እሱ ሌሊት ሌሊት አጠገቧ ሆኖ ትንፋሿን ያዳምጣል፤ ድምፅ እስካለ ድረስ ሰላም ነው። አንድ ንጋት ላይ ሸለብ አድርጎት ሲነቃ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። እኔን ድምፅ አያስፈራኝም አላት።

አክስቴ ሣጥኗን ዘጋች። ለመጀመሪያ ጊዜም አንተ አለችው።

"እንግዲያው መስኮቱን ፈልግ" አለችው።

ተጋቡ። ድግስ አልነበረም፤ ፈርመው ከቅርብ ሰው ጋር ምሳ በላን። ጋሼ ውሃ ልክ ሁለት የመሣሪያ ሣጥንና አንድ ሻንጣ ይዞ ገባ፤ በገባ በሳምንቱ ቤት ውስጥ የሚንጫጫ በር አልቀረም።

ችግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ የሚያንቀላፋው እሱ ሆነ። ዓይኑ ቀላ፣ ፊቱ ጠወለገ፤ ጭራሽ አንድ ደንበኛ ቤት ዘንግ አጣሞ ሰቀለ። ውሃ ልክ አጣሞ ሰቀለ ሲባል ሠፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ አክስቴ ግን ደነገጠች። አንድ ከሰዓት ክፍሌ ገብታ በሩን ዘጋችና፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ እንደገና ጀምሮኛል ወይ ስትል ጠየቀችኝ። በፍጹም፣ ከግድግዳው ወዲህ ኮሽታ የለም አልኳት። አላመነችኝም። እሱ ችሎ ዝም ያላት መሰላት፤ ያ የድሮው ኀፍረት ትከሻዋ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ አየሁት።

ራሱን ጠየቀችው። እሱም እንደ ጥፋተኛ አቀርቅሮ እውነቱን ተናገረ። ጸጥታው ነው የሚቀሰቅሰው። ይነቃል፣ ያዳምጣል፣ ምንም አይሰማም፤ ያኔ እጁን ወደ አፍንጫዋ አስጠግቶ ትንፋሿ እስኪሞቀው ይጠብቃል። ተመልሶ ሲተኛ ያው ነው። እንግዲያው ለአንተ ስል አወልቀዋለሁ አለችው። እሱ ይህን መስማት አልፈለገም፤ ጤናሽ ነው፣ እኔ እለምዳለሁ አለ። ግን አልለመደም።

በዚህ መሃል ሌላ ከተማ ያለ አንድ ሆቴል ለመጋረጃ ጠራቸው። ማታ ሻንጣዋን ስትፈትሽ ሰማያዊው ሣጥን የለም፤ ቤት እጅ መታጠቢያው ላይ ረስታው መጥታለች። ተቀምጬ አድራለሁ አለች። እሱ ሳቀ። ድምፅ አልፈራም አላልኩሽም ወይ፣ እንዲያውም ዛሬ ደህና እተኛለሁ አላት። ድካሙም ስለነበረ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ እሱ ጫማውን አድርጎ፣ ኮቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አክስቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። የለበሰ ሰው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች።

"ሰማኸኝ" አለችው።

"ሰማሁሽ።"

እሷ አንገቷን ደፋች። እሱ ግን እጇን ያዘ።

"ድምፁ ምንም አይደለም" አላት። "ግን ይቆማል። ይቆምና ደረትሽ ይታገላል፤ አለቀላት ስል ትመለሻለሽ። ሌሊቱን ሁሉ እንዲህ ነው ያደርሽው። ለካ ቤታችን ዝም ስትዪ ነው ደህና የምትተነፍሺው። እኔ ደህና መሆንሽን ነበር ስፈራ የከረምኩት።"

ኮቱን የለበሰው ሣጥኑን ሊያመጣላት ነበር። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ። ቤት ሲደርስ እኔ ነበርኩ በር የከፈትኩለት፤ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሣጥኑን ደረት ኪሱ ከትቶ፣ ከላይ በእጁ ደግፎ ተመለሰ። አክስቴ ቀኑን ሙሉ የሆቴሉን መስኮቶች ስትለካ ዋለች። አንዱን መስኮት ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር ብላ አውርታኛለች። ሲመሽ መጣ።

ያን ማታ ዕቃዋን አጥልቃ ጋደም አለች። እሱ በጎኑ ሆኖ ትንሽ አዳመጣት፤ ጸጥ ያለ፣ የማይቋረጥ፣ ቀጭን ትንፋሽ ነበር። እጁን ወደ አፍንጫዋ አላስጠጋም። ብዙም ሳይቆይ እሱ ቀድሟት ተኛ። በእርግጥ በአንድ ሌሊት ሁሉም አለቀ አልልም፤ ቤት ከተመለሱ በኋላም አልፎ አልፎ መንቃቱ አልቀረም። ግን ያዳምጥና ዞሮ ይተኛል። ፊቱ እየፈካ፣ ዘንጎቹም እየቀኑ መጡ።

እኔ አሁን የራሴ ቤት አለኝ። ባለፈው ሰሞን ልጠይቃቸው ብሄድ አክስቴ በሩ ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቀበለችኝ። ጋሼ ውሃ ልክ ከምሳ በኋላ ጥቅል ጨርቅ ላይ ጋደም ብሎ፣ እንደ ድመት ቀስ እያለ ያንኮራፋል። ሐኪም ጋ ይዤው ሄጄ ነበር አለችኝ በሹክሹክታ፤ መርምረው ትንፋሹ እንደማይቆም፣ ምንም እንዳላገኙበት ነግረዋታል። አጠገቡ ተቀምጣ የጀመረችውን ጠርዝ በእጇ መስፋት ቀጠለች። የስፌት መኪናውን እንዳይቀሰቅሰው ብላ አጥፍታዋለች።